ከማኅበራችን ጉባኤ እስከ ወረዳው ምክር ቤት፤ ድምፃችን የት ይደርሳል?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንዲት የልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)







 እናንተ እኔን የምታውቁኝ በማሳ ነው። ስለ ኮምፖስት አዘገጃጀት፣ ስለ ችግኝ መደብ፣ ጎመን ላይ ስለሚወጣው ክሽክሽ ስጨቀጭቃችሁ የኖርኩ ነኝ። የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ስለ አካባቢ ምርጫ ተናገሪ» ሲለኝ፣ እኔ ያለኝ የዕፅዋት ሳይንስ ዲፕሎማ እንጂ የሕግ አይደለም ብዬ ነበር። ሳስበው ግን በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ችግሮች ስንቱ በዘርና በማዳበሪያ ብቻ እንደማይፈታ ትዝ አለኝና እሺ አልኩ።

አንዱን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን መጥራት በማያስፈልገኝ አንድ ወረዳ ውስጥ፣ በወንዝ ዳር አትክልት የሚያመርቱ አባወራዎችንና እማወራዎችን እከታተል ነበር። ከማሳው እስከ ዋናው አስፋልት ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም፤ በመካከሉ ግን አንዲት ጅረት አለች። በበጋ ጋሪ ይሻገራል። ክረምት ሲገባ ጋሪም አይሱዙም ዝር አይልም። ጎመኑና ሰላጣው በኬሻ ታስሮ በሰው ጀርባ ይወጣል። ነጋዴው አስፋልቱ ዳር ቆሞ ይጠብቃል፤ ሸክሙ እስኪደርስ ሰላጣው ይጠወልጋል፤ የጠወለገ ሰላጣ ላይ ደግሞ ዋጋ ቆራጩ ነጋዴው ነው። አምራቾቹ የሚፈልጉት ትልቅ ድልድይ አልነበረም። ጥቂት የሲሚንቶ ቱቦና አንድ ሁለት መኪና ገረጋንቲ ይበቃቸው ነበር።

በዚያ ዓመት ወረዳው በቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ላይ ለመወያየት ነዋሪውን ጠራ። በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ፣ ማስታወቂያም ተለጠፈ። ቀኑ ግን የገበያ ቀን ነበር። ከአምራቾቹ መካከል የሄደው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ እሱም ዘግይቶ ደርሶ ከኋላ ቆመ። የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪዎች ግን ኮሚቴያቸው በጽሑፍ ያዘጋጀውን ጥያቄ ይዘው መጥተው አነበቡ። የዚያ ዓመት ገንዘብ ለውስጥ ለውስጥ መንገድ ኮብልስቶን ዋለ። ኮብልስቶኑ አያስፈልግም ነበር ማለቴ አይደለም። ሰዎቹ ጭቃ ነበረባቸው፤ ጠየቁ፤ አገኙ። ክረምቱ ሲገባ አምራቾቹ ተቆጥተው ወደ ወረዳው ሄዱ፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። የተቀበሉን ኃላፊ ጨዋ ሰው ነበሩ። አላመናጨቁንም። «የአካባቢያችሁ የምክር ቤት ተወካይ ማን ነው? በእሱ በኩል ለምን አላቀረባችሁትም?» ብቻ አሉን።

እርስ በርሳችን ተያየን። ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። የእያንዳንዱን ሰው ማሳ ስፋት በካሬ ሜትር የማውቀው እኔም አላውቅም ነበር። ወንድ ይሁን ሴት እንኳ የሚያውቅ አልተገኘም። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነንና ዝምታን እንደ ጥበብ እናየዋለን፤ በዚያ ክረምት ግን የዝምታውን ዋጋ በጀርባቸው የተሸከሙትን ሰዎች አይቻለሁ።

ምርጫ በአገራችን ረጅም ዕድሜ የለውም።  ሕዝቡ የፓርላማ እንደራሴውን በቀጥታ የመረጠው ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ በዚያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል። «ቀበሌ» የምንለው ነገር የመጣው ደግሞ በ1967 ዓ.ም. ነው። የገጠሩ መሬት አዋጅ ገበሬ ማኅበርን፣ የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበርን አቋቋሙ። በዚህ አዳራሽ ካሉት አባቶች አንዳንዶቹ በዚያን ጊዜ እጅ አውጥታችሁ ሊቀመንበር መርጣችኋል። እጅ ሲወጣ ማን እንዳላወጣም ይታይ ነበር። ይህን የነገሩኝ እናንተው ናችሁ።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብትን ደንግጓል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምወደው አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4ን ነው። ሕዝቡ በዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዚያ እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጠው ያዛል። ዝቅተኛው እርከን ማለት በኛ ከተማ ያኔ ቀበሌ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. ገደማ ቀበሌዎቹ ተዋህደው ወረዳ ከሆኑ በኋላ ደግሞ ወረዳው ነው። መታወቂያ የምናወጣበት፣ አቤቱታ የምናስገባበት፣ ለይዞታችን ማረጋገጫ ስንፈልግ የምንመላለስበት ቢሮ ማለት ነው።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ። በዚህ ርዕስ ላይ የሚናገር ሰው ይህን ዘልሎ ቢያልፍ እናንተ በልባችሁ «ይቺ ልጅ ማንን ታታልላለች?» ትላላችሁ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ወጥታ መረጠች። ሰልፉ እስከ ሌሊት የዘለቀባቸው ጣቢያዎች ነበሩ። ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ቅንጅት 137ቱን አሸነፈ፤ ነገር ግን ምክር ቤቱን ሳይረከብ ቀርቶ፣ የሰው ሕይወት የጠፋበት ጊዜ አልፎ፣ ከተማዋ ከ1998 እስከ 2000 ዓ.ም. በባለአደራ አስተዳደር ተመራች። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የአካባቢና የማሟያ ምርጫ ተካሄደ። የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 እንዲደርስ ተደርጎ፣ በመላ አገሪቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ መቀመጫ ለውድድር ቀረበ፤ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች ግን ራሳቸውን አግልለው ስለነበር በአብዛኛው ቦታ የተወዳደረው ኢሕአዴግ ለብቻው ነበር። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. የተካሄደውም ከዚያ ብዙ የተለየ አልነበረም። በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የሚገባው የአካባቢ ምርጫ ተራዘመ፤ በ2011ም እንደገና ተራዘመ።

ይህን በራሴ ዕድሜ ላስላው። የተወለድኩት በ1990 ዓ.ም. ነው። በ1997 ከእናቴ ጎን ሆኜ ሰልፉን ያየሁ ሕፃን ነበርኩ። በ2005 ገና 15 ዓመቴ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በስድስተኛው አገራዊ ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ስሰጥ ሁለት ወረቀት ተቀበልኩ፤ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት። ለወረዳዬ የሚሆን ሦስተኛ ወረቀት አልነበረም። እንግዲህ በሥራዬ በየቀኑ የምገባበትን ቢሮ የሚቆጣጠረውን ምክር ቤት እኔና የእኔ እኩዮች አንድም ጊዜ መርጠን አናውቅም። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለምታውቁትና ስለሰለቻችሁ ነገር ብቻ አይደለም፤ ልጆቻችሁ ገና ስላላዩት ነገርም ነው።

ለመሆኑ ለኛ ለአምራቾች የሚጠቅመን ወይም የሚጎዳን ውሳኔ የት ነው የሚሰጠው? ከመሬት ልጀምር፤ ከመሬት የሚበልጥብን የለምና።

ጀሞና ለቡ ዛሬ ፎቅ ናቸው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ግን ጤፍና ስንዴ የሚዘራባቸው፣ ከብት የሚሰማራባቸው ነበሩ፤ ይህን የምታስታውሱ እዚህ አላችሁ። ያኔ ይሠራበት የነበረው የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455፣ መሬትን ለሕዝብ ጥቅም የማስለቀቅ ሥልጣን የሰጠው ለወረዳ ወይም ለከተማ አስተዳደር ነበር። ሥልጣኑ ሩቅ አልነበረም ማለት ነው። ግምት የሚሠራ ባለሙያ ድርጅት ባልነበረበት ቦታ፣ ካሳውን የሚገምተውን ከ5 ያልበለጡ አባላት ያሉት ኮሚቴ የሚሰይመውም ያው የወረዳ ወይም የከተማ አስተዳደር ነበር። እንግዲህ ያንን ኮሚቴ የሰየመውን አስተዳደር ይቆጣጠራል የሚባለው ማን ነው? ምክር ቤቱ ነው። ምክር ቤቱን የሚሞላው ደግሞ የመራጩ ድምፅ ነው። ሰንሰለቱ ይኸው ነው፤ አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ ገበሬው ከግምት ወረቀቱ ጋር ብቻውን ይቀራል።

የስሌቱን ነገር ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁኝ በአጭሩ ላስረዳ። በ455ቱ አዋጅ ለገጠር መሬት ባለይዞታ የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሳ፣ ካለፉት 5 ዓመታት የተገኘው አማካይ የዓመት ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። ይህን አዋጅ የተካው የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ ተወስዶ በ15 እንዲባዛ አድርጓል። እንበልና አንድ ሰው በአማካይ 30 ሺህ ብር፣ በደህናው ዓመት ደግሞ 40 ሺህ ብር የሚያገኝ ቢሆን፣ በፊተኛው ስሌት 300 ሺህ፣ በኋለኛው 600 ሺህ ብር ይሆናል። ልዩነቱ እጥፍ ነው። ይህን ልዩነት ያመጣው የሕግ ለውጥ ነው፤ ሕጉ የተለወጠውም የተፈናቀሉ ሰዎች እሮሮ በየመድረኩ ለዓመታት ስለተሰማ ጭምር ነው። በከተማ ክልል ውስጥ ያለ ማሳ «ገጠር ነው ወይስ ከተማ?» የሚለው ጥያቄ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ይህ ጥያቄ እናንተን እንጂ በመሐል ከተማ የሚኖረውን ነዋሪ እንቅልፍ አይነሳም። ስለዚህ እናንተ ካላነሳችሁት የሚያነሳው የለም።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ክልል የወሰን ስምምነት ይፋ ሲደረግ፣ በዳር ያለ ገበሬ ቤቱ በአንዱ፣ ማሳው በሌላው አስተዳደር ሥር ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ሰው የሚመርጠው በሚኖርበት ነው። ማሳው ያለበት አስተዳደር ጉዳዩን እንዲሰማለት ሌላ መንገድ መፈለግ ይኖርበታል፤ ያም መንገድ ማኅበሩ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው የወንዙ ጉዳይ ነው። ትንሹ አቃቂ በከተማዋ አልፎ፣ በክፍለ ከተማችን በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። ከላይ የሚለቀቅበትን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። ባለሙያዎች ደጋግመው ባጠኑት መሠረት በውሃው፣ በአፈሩና በቅጠላ ቅጠሉ ላይ እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች ተገኝተዋል። ይህ ወሬ በሬዲዮ በተነገረ ቁጥር የእናንተ ጎመን ገበያ ላይ ፊት ይነሳዋል። እኔም እንደ ባለሙያ ጥናቱን አልክድም፤ ቅጠሉን እናንተም ልጆቻችሁም ትበሉታላችሁና። ነገር ግን ወንዙን የበከለው አትክልት አምራቹ አይደለም። መፍትሔው ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንዱ ከላይ ያለውን ፋብሪካና የፍሳሽ መስመር ሥርዓት ማስያዝ ነው፤ ይህ ይከብዳል፣ ገንዘብም ጊዜም ይፈልጋል። ሌላው ከታች ያለውን አምራች «ተነሣ» ማለት ነው፤ ይህ ቀላል ነው፣ በአንድ ደብዳቤ ያልቃል። በ2011 ዓ.ም. 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ የሚያለማው «ሸገርን ማስዋብ» ፕሮጀክት ይፋ ሲሆን በወንዝ ዳር ያለን ሁላችን ጆሯችን የቆመው ለዚህ ነው። ወንዙ ቢጸዳ ከአምራቹ የበለጠ የሚደሰት የለም። ከጸዳው ወንዝ ዳር አምራቹ ቦታ ይኑረው አይኑረው የሚወሰንበት ጠረጴዛ ላይ ግን የሚቀመጠው የተመረጠ ሰው ነው፤ ያ ሰው ስለ መስኖ ቦይ የሚያውቅ ይሁን አይሁን የሚወስነው መራጩ ነው።

ደግ ነገርም ላንሳ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ የተዛወረው አትክልት ተራ፣ በኋላ ወደኛው ሠፈር ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ መጣ። ለፒያሳ ነጋዴ ርቀት ሆነበት፤ ለኛ ግን ገበያው ደጃችን ድረስ መጣልን። እንዲህ ያለው ውሳኔ የከተማው አስተዳደር ነው። ከደጃችን የመጣው ገበያ ውስጥ ለአምራች ማኅበራት የተለየ መሸጫ ይኑር ወይስ ሁሉም በደላላ እጅ ይለፍ የሚለውን ጥያቄ ግን እኛው ነን ማንሳት ያለብን።

አባቶቼና እናቶቼ፣ ድምፅ መስጠት ለናንተ አዲስ ትምህርት አይደለም። እንዲያውም ከባለሥልጣኑም ከተማረውም በላይ የምታውቁት ይመስለኛል። ዕድራችሁን ተመልከቱ። የዕድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ትመርጣላችሁ። ድንኳኑ ተቀድዶ ሐዘን ላይ ቢገኝ፣ ሳህኑ ቢጎድል፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ማን ይጠየቅ? ዳኛው ይጠየቃል። ስሙን የማያውቅ አባል አለ? የለም፤ ቤቱን፣ ባለቤቱን፣ ልጆቹን ሁሉ ታውቃላችሁ። በስብሰባው ያልተገኘ ደግሞ ይቀጣል። ለተቀደደ ድንኳን እንዲህ የምንቆጣ ሰዎች ለማይሻገር ጅረት ተወካያችንን አለማወቃችን ይገርመኛል። ራሴን ጨምሬ ነው የምናገረው።

ኅብረት ሥራም ያው ነው። በ1837 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ 28 ሠራተኞች፣ ከመካከላቸው ሸማኔዎች ያሉባቸው፣ የመጀመሪያዋን የዘመናዊ ኅብረት ሥራ ሱቅ ሲከፍቱ አንድ አባል አንድ ድምፅ ይኑረው ብለው ተስማሙ። ከእነዚያ ሰዎች አብዛኞቹ በዚያን ጊዜ ለአገራቸው ፓርላማ የመምረጥ መብት አልነበራቸውም፤ ሀብት ያለው ነበር የሚመርጠው። ድምፅ መስጠትን አስቀድመው የተለማመዱት ዱቄትና ቅቤ በሚሸጡበት ሱቅ ነው። የኛም የ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 147 ይህንኑ መርሕ ይዞ፣ የአክሲዮኑ ብዛት ምንም ያህል ቢሆን ለአንድ አባል አንድ ድምፅ ሰጠ፤ አንድ ሰው ከጠቅላላው አክሲዮን ከ10 በመቶ በላይ እንዳይዝም ከለከለ። 985/2009 አዋጁን ሲተካውም አንድ አባል አንድ ድምፅ የሚለው ቀጥሏል።

ከዚያ በፊት የነበረውን የአምራቾች ማኅበር ግን ታስታውሳላችሁ። ስሙ ኅብረት ሥራ ነበር፤ በሬውም ማሳውም አንድ ላይ ተደርጎ ነበር፤ ድምፁ ግን የአባሉ አልነበረም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚው አዋጅ እንደተሰማ አብዛኞቹ በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈረሱ። ገበሬው ድርሻውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። የራሴ ነው የሚለው ሰው ስላልነበረ «ተው አይፍረስ» ያለ አልተገኘም።

ይህን ስል በዛሬዎቹ ማኅበሮቻችን ሁሉ ነገር ደህና ነው ማለቴ አይደለም፤ በበዓል ቀን ይባል ዘንድ ባይመችም እናገረዋለሁ። ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ምልዓተ ጉባኤ እየጎደለ ስንት ጊዜ ተመልሰናል? ከዚያ በሚቀጥለው ጥሪ የተገኙት ጥቂቶች ወስነው፣ የትርፍ ክፍፍሉ ሲታወቅ «ማን ወሰነው?» ብሎ የሚቆጣው ያልመጣው ነው። በጉባኤያችን የለመድነውን መቅረት ነው ወደ ወረዳው ስብሰባ፣ ከዚያም ወደ ምርጫ ጣቢያው ይዘነው የምንሄደው።

ስለ ሴቶች የተለየ ቃል አለኝ። በወንዝ ዳር ማሳ ላይ ጎመን የሚኮተኩተው፣ የሚያጥበው፣ አስሮ ገበያ የሚያወጣው በአብዛኛው የማን እጅ ነው? ይዞታው በባል ስም ቢሆንም የድምፅ ወረቀቱ ግን በስማችሁ ነው፤ ማንም ገብቶ አብሯችሁ አይሞላውም። በህንድ አገር በ1985 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1993) በፀና የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከመንደር ምክር ቤቶች መቀመጫ አንድ ሦስተኛው ለሴቶች እንዲሆን ተደረገ። ተመራማሪዎች በምዕራብ ቤንጋል ያሉ መንደሮችን ሲያነጻጽሩ፣ ሴት የምትመራቸው ምክር ቤቶች ለመጠጥ ውሃ የበለጠ ሥራ ሠርተው አገኙ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ እዚያም እንደኛው ውሃ የምትቀዳዋ ሴት ናት፤ አቤቱታውንም የምታነሳው እሷው ናት። እንስራ ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው ምክር ቤት ሲገባ ምን እንደሚጠይቅ መገመት ይቻላል።

አሁን ደግሞ ባለፈው ወር ማሳቸው ላይ ስላገኘኋቸው አንድ አባት ልንገራችሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ዛሬ እዚህ ካሉም ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህን ንግግር እያዘጋጀሁ እንደሆነ ስነግራቸው ሳቁ። «ልጄ፣ እኔ በ97 ከንጋቱ 11 ሰዓት ተሰልፌ ማታ ነው የመረጥኩት። ምን ሆነ?» አሉኝ። እኔም እንደ ልማት ሠራተኛነቴ ምሳሌ አመጣሁ። «አባባ፣ በረዶ ማሳዎን ቢመታው በሚቀጥለው ዓመት መዝራት ይተዋሉ?» አልኳቸው። ጥሩ መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። እሳቸው መኮትኮቻቸውን አቁመው፣ «በረዶ የእግዜር ነው፤ ይኼ ግን የሰው ነው» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። እውነታቸውን ነው። የተፈጥሮን ጉዳት ከሰው ሥራ ጋር ማነጻጸሬ ስህተት ነበር። ቤቴ ገብቼም ሳስበው አደርኩ። በማግሥቱ በዚያው ስመለስ ግን እንዲህ አልኳቸው፤ «የሰው ሥራ ከሆነ እኮ የሚስተካከለውም በሰው ነው። በረዶን ማንም አይከሰውም፤ ተወካይን ግን መጠየቅ ይቻላል።» ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ታዲያ የሚጠየቅ ሰው አምጪልኝ» አሉ። ይህን ያሉት ለኔ ቢሆንም እኔ የማመጣው አይደለም። ስለዚህ ጥያቄያቸውን ዛሬ በፊት ወንበር ለተቀመጣችሁት ክቡራን ኃላፊዎች አቀርባለሁ።

ክቡራን ኃላፊዎች፣ በአክብሮት የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ጊዜ የወረዳ በጀት በሰሌዳ ላይ መለጠፍ ተጀምሮ ነበር። ለጤና ይህን ያህል፣ ለትምህርት ይህን ያህል እየተባለ ማንም ቆሞ ያነበው ነበር። በዚያው ሰሌዳ ላይ የምክር ቤት ተወካዮች ስም፣ ከየትኛው ሠፈር እንደሆኑና በየትኛው ቀን ነዋሪውን እንደሚያነጋግሩ ቢጻፍ አንድ ወረቀትና አራት ስፒል ነው የሚፈጀው። የዕቅድ ውይይት ስትጠሩ ደግሞ የገበያ ቀን አታድርጉት። አምራቹ ያልመጣው ንቆ ሳይሆን ጎመኑ እንዳይበሰብስበት ነው።

ለናንተ ለአባላት ደግሞ ጥቂት የአሠራር ነገር ልናገር፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚቀረው በቀኑ ሳይሆን በምዝገባው ነው። የምርጫ ሕጉ፣ የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1162፣ መራጭ የሚሆነው 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። ምዝገባው ከድምፅ መስጫው ቀን አስቀድሞ ያልቃል። በምርጫው ቀን መጥቶ «ሁሉም ያውቀኛል» ማለት አይጠቅምም፤ መዝገቡ ካላወቀው አይመርጥም። የነዋሪነት መታወቂያችሁ ያለፈበት ካለ አሁኑኑ አድሱ፤ የምዝገባው ሰሞን ወረፋው ይረዝማል። ማንበብ የማይችል ሰውም ይመርጣል፤ በወረቀቱ ላይ የተወዳዳሪው ምልክት አለ፤ የኤክስ ምልክት ወይም የጣት አሻራ ይበቃል። ማንን እንደመረጣችሁ ለባላችሁም፣ ለሚስታችሁም፣ ለማኅበሩ ሊቀመንበርም፣ ለኔም የመናገር ግዴታ የለባችሁም። እኔ በበኩሌ የማንም ፓርቲ ቀስቃሽ አይደለሁም፤ በማሳችሁ ላይ ስመጣም ይህን አልጠይቃችሁም። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ እያለ ይህን ቢጠይቃችሁም አትመልሱለት።

ለዕጩነት ማሰብም ኃጢአት አይደለም። በማኅበራችን የሂሳብ መዝገብ የሚይዙ፣ የቁጥጥር ኮሚቴ ሆነው ሌሊቱን ሙሉ ደረሰኝ ሲያመሳክሩ ያየኋቸው ወጣቶች አሉ። የዩኒየኑን ኦዲት የሚያነብ ሰው የወረዳ በጀት ማንበብ ያቅተዋል አልልም።

የዚያች ጅረት ነገር ምን ሆነ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት አምራቾቹ ስድስት ሰው መርጠው ላኩ። ጥያቄያቸውን እኔ ጻፍኩላቸው፤ አንዲት እናት ቆማ አነበበችው። ቱቦው ወዲያው አልመጣም፤ አንድ ክረምት ደግሞ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ግን ቱቦው ተቀብሯል፤ ከላዩ ያለው ገረጋንቲ ግማሹ በጎርፍ ታጥቧል። ስድስቱ ሰዎች ስለዚሁ ማመልከቻ እየጻፉ ነው፤ የተወካያቸውንም ስም ያውቁታል።

ከሻይ ዕረፍቱ በኋላ በአዳራሹ በስተግራ ባለው ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ። የካሳ ግምት ወረቀት የያዛችሁ ካላችሁ አምጡትና አብረን እናንብበው፤ የቆስጣ ዘር የጠየቃችሁኝም ዝርዝሩን ይዤ መጥቻለሁ።